የሌለ ሰው ልክ

ብቻውን የማይሄድ ዓይነት ሰው አለ። ብቻውን ምሳ ሲበላ ታዩታላችሁ፤ ብቻውን ታክሲ ሲጠብቅ ታዩታላችሁ፤ እውነቱ ግን ሁለት ናቸው። አንደኛው ራሱ ነው። ሁለተኛው ከሄደ የሰነበተ፣ በቦታው የሌለ፣ ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነው። ስለ ዝናብ ብታነሡለት፣ ያ የሌለው ሰው ዝናብ አይወድም ነበር። ስለ ጥርስ ሕመም ብታነሡለት፣ ያ የሌለው ሰው ጥርሱ ነጭ ነበር። ምንም ባታነሡለት ደግሞ ራሱ ያነሣዋል። እናንተም አንድ እንዲህ ዓይነት ሰው ታውቃላችሁ። አላውቅም የምትሉ ካላችሁ ጓደኞቻችሁን ጠይቁ፤ ምናልባት እናንተው ናችሁ።

እኔ የማውቃት የዚህ ወገን ንግሥት ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ እኔ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። እኔ አራሚ ነኝ፤ ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን እያነበብኩ ስህተት መልቀም ነው። ሥራው ጸጥታ ስለሚፈልግ ከግድግዳው ማዶ የሚነገረውን ሁሉ ሳልፈልግ ሰምቻለሁ፤ እውነት ለመናገር ፈልጌም ሰምቻለሁ።

ሰፈሩ «እመቤት ሜትር» ይላታል። ሜትር ያሰኛት መለኪያው ነው፤ ባንክ ስትሄድም፣ ሐኪም ቤት ስትሄድም ከአንገቷ አይወርድም። እመቤት ያሰኛት ደግሞ እጇ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ጨርቅ አበላሽታ አታውቅም። ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሰው እንዳይሰማ ሳይሆን ሰው ጠጋ ብሎ እንዲሰማ።

የሌለው ሰው ስም አለው፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ግን «እሱ» ብቻ ነበር። «የቱ እሱ?» ብሎ የሚጠይቅ አዲስ ደንበኛ ከመጣ ምሳ ሰዓቱ አለቀለት። እሱ መሬት ቀያሽ ነበር። ሊጋቡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ለሥራ ሌላ ከተማ ሄደና አንዲት መልእክት ላከላት፤ «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።» ከዚያ ወዲያ ዝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም።

እኔ በሕይወቴ ብዙ ጽሑፍ መርምሬያለሁ። እሷ ያችን ሦስት ቃል እንደመረመረቻት ግን አንድም ጽሑፍ መርምሬ አላውቅም።

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ንገረኝ፤ ትንሽ ማለት ስንት ነው?» ትለኛለች።

«ትንሽ ማለት ትንሽ ነው።»

«አይደለም። ለእኔ ትንሽ ማለት ሁለት ሴንቲ ነው። ለመሬት ቀያሽ ግን አንድ ኪሎ ሜትርም ትንሽ ነው። አየህ?»

አየሁ እላለሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ሰው ሊለካ በገባ ቁጥር ከእሱ ጋር ይነጻጸራል። «ትከሻህ ጥሩ ነው፤ ከእሱ ግን በሁለት ሴንቲ ይጠባል።» «ደረትህ ሰፊ ነው፤ የእሱ መቶ ነበር፤ ልክ መቶ፣ ሞልቶ መቶ።» ትከሻ አርባ ስምንት፣ ደረት መቶ፣ ወገብ ሰማንያ ሁለት፣ እጅጌ ስድሳ ስድስት። ግራ ትከሻው ደግሞ የቅየሳ መሣሪያውን በዚያ በኩል ስለሚሸከም ከቀኙ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል። ይህን መንገዱ በሙሉ በቃሉ ያውቀዋል። ጫማ ሰፊው ያውቀዋል፤ ፋርማሲስቷ ታውቀዋለች። እኔ የራሴን ስልክ ቁጥር ስረሳ የዚያን ሰው የእጅጌ ርዝመት አልረሳም ነበር።

እርሺው ያላላት ሰው የለም። «እርሺው» ማለት እንዴት ቀላል ነው! ፋርማሲስቷ ቫይታሚን አዘዘችላት። ጫማ ሰፊው ስፖርት አዘዘላት። ታላቅ እህቷ የሒሳብ መምህርት ስለሆነች ሕግ አወጣችላት።

«አንቺ ልጅ፣ ስሚኝ። ‹እሱ› ባልሽ ቁጥር አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ እዚህ ጠርሙስ ውስጥ ትጨምሪያለሽ።»

«ለምን ቁልፍ?»

«ሌላ የምትሳሽለት ነገር ስለሌለሽ ነዋ።»

ሕጉ ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ዋለ። ሐሙስ ከሰዓት በሱቁ ውስጥ አንዲት ቁልፍ አልተገኘችም። አንድ ሸሚዝ ሦስት ዓይነት ቁልፍ ተተክሎለት ወጣ፤ የባንኩ ዘበኛ የደንብ ልብስ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ተሰጠው። እህትየው ቅዳሜ መጥታ ጠርሙሱን በአንድ እጇ ልታነሣ ሞከረችና በሁለት እጇ አነሣችው።

«ይሄ ሁሉ በአንድ ሳምንት?»

«ምን ላድርግ፣ እሱም እኮ እንዲህ ይለኝ ነበር፣ አንድ ነገር ከጀመርሽ…» አለችና ደነገጠች። ኪሷን ዳበሰች፣ መሳቢያውን ከፈተች፤ ከዚያ ከራሷ ሸሚዝ ላይ አንዲት ቁልፍ በጥሳ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረች።

እስካሁን ስቀን ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ግን ለካፖርቴ ክር ልጠይቅ ስገባ ጠመኔ ይዛ ጨርቅ ላይ ጎንበስ ብላ አገኘኋት። አንድ መስመር አላሰመረችም። ምን ያህል እንደዚያ እንደቆየች አላውቅም።

«ደክሞኛል» አለችኝ ቀና ሳትል። «ያስጠላኝ እሱ አይደለም፤ እሱን ማሰቡ ነው። ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ቀድሞኝ ተነሥቶ ይጠብቀኛል። ሰው ሲያወራኝ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማም። እጄ ብቻ ነው የቀረኝ። እጄን ከወሰደብኝ ምን ይተርፈኛል?»

ክሩንም ሳልጠይቅ ወጣሁ።

እውነቷን ነበር። ደንበኛ መሸሽ ጀምሯል። ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ የሚያየው ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ከራሳቸው በላይ፣ እሱ ቢቆም ዓይኑ የሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር የምታየው።

እንዲህ እያለ የልጄ ሰርግ ደረሰ። ባለቤቴ ለሙሉ ልብሴ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ መርጣ ገዛች፤ ከጥቅሉ የቀረው የመጨረሻው ነበር። ቢበላሽ ምትክ የለውም ማለት ነው። «ሌላ ሰፊ ጋ እንውሰደው» አለች፤ የቁልፉን ታሪክ ሰምታለች። እኔ ግን ለጎረቤቴ ታመንኩ። ገብቼ ቆምኩ፤ ሆዴንም የምችለውን ያህል ሳብኩ።

«ተንፍስ» አለችኝ። «ትከሻ አርባ አራት፣ ደረት መቶ ስምንት፣ እጅጌ ሃምሳ ስድስት፣ ሆድ መቶ አሥራ ሁለት። ከእሱ በሠላሳ ትበልጣለህ።» ይህን ያለችው በአዘኔታ ነው። ሁሉንም ጥርት አድርጋ ወረቀት ላይ ጻፈችና ከፊት ለፊቷ ግድግዳ ላይ ሰካችው።

ለሰርጉ አምስት ቀን ሲቀር ልሞክረው ገባሁ። የራሴን ሱሪ የስፌት መኪናው ላይ ጥዬ አዲሱን ሱሪ እንደምንም አጠለቅሁና ኮቱን ለበስኩ። እጄን ፈለግሁት፤ የለም፤ እጅጌው ውጦታል። ከፊት ለፊት ሁለቱ ጎኖች ከሆዴ ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው ይተያያሉ። ጫፉ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አልቀረው። መስታወቱ ውስጥ የቆመው የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ነበር፤ ልጁ ግን ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው።

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። አንድ ጊዜ ዞረችኝ። መዳፏን ግራ ትከሻዬ ላይ አሳረፈች፤ ኮቱ በዚያ በኩል በአንድ ጣት ዝቅ ብሎ ተሰፍቷል። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይሄ የእሱ ነው» አለች።

የእኔ ልክ፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ አንድም ስህተት ሳይኖርበት ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ነበር። እጇ ወረቀቱን አላማከረም። ጨርቁን ስትዘረጋለት የሚያውቀውን ሰው ቆርጦላታል።

በሱቁ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ነበሩ። አባባ ካውያ እንላቸዋለን፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካውያ ይዘው የቆሙ ሽማግሌ ናቸው፤ በቀን ከአምስት ቃል በላይ አይናገሩም። ካውያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ» አሉ፣ «ሰውዬው ከሄደ ሦስት ዓመቱ። አንቺ እስከ ዛሬ ልብስ እየሰፋሽለት ነው።»

አለቀሰች። ብዙ አይደለም፤ ከአንገቷ ላይ ባለው ሜትር ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ተናደደች፤ በዚያች ሴት ላይ እውነተኛ ንዴት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ።

«ሃያ ዓመት!» አለች። «ሃያ ዓመት አንድ ጨርቅ አላበላሸሁም! አሁን፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ፊቴ እያለ፣ የሌለ ሰው! አውልቅ!»

አወለቅሁ።

«ሱሪውንም!»

«በምን ልሂድ?»

«መጋረጃው ውስጥ ተቀመጥ!»

ክብሬን ይዤ መጋረጃው ውስጥ ተቀመጥኩ፤ የራሴን ሱሪ ማዶ የስፌት መኪናው ላይ እያየሁት። ከውስጥ የሰማሁት የመተርተር ድምፅ ነበር። ክር በክር፣ ስፌት በስፌት፣ ያንን ሰው ፈታችው። ትከሻውን ፈታችው፤ ደረቱን ፈታችው፤ ያንን ሦስት ዓመት ስናዝንለት የኖርነውን ግራ ትከሻ ፈታችው። ስወጣ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ጨርቅ ብቻ ነበር።

«ይተርፋል?» አልኳት።

«እሱ ረጅም ነው፤ አንተ ሰፊ ነህ» አለች፤ ዓይኗ ጨርቁ ላይ ነው። «ከርዝመቱ ቆርጬ ለስፋትህ እሰጥሃለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። ከእጅጌው፣ ከሱሪው እግርና ከኮቱ ጫፍ የተረፈውን በጎንና በጎኔ አስገባችው፤ ስፌቱን ባለቤቴ እንኳ በመነጽር ፈልጋ አላገኘችውም። ከዚያ በፊት ግን የራሷን ሕግ አወጣች፤ የእህቷ ሕግ ሳይሆን የራሷ። መቀስ ከማንሣቷ በፊት ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ አባባ ካውያ ጮክ ብለው ይደግሙታል፤ ያን ጊዜ ብቻ ትቆርጣለች።

«ሆድ፣ መቶ አሥራ ሁለት!»

«መቶ አሥራ ሁለት!»

ግድግዳው ስስ ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ መኪና እስኪቆም ተሳቀ። በሦስተኛው ቀን ጫማ ሰፊው «እንዴት አደርክ፣ መቶ አሥራ ሁለት?» ብሎ ሰላም አለኝ። ፋርማሲስቷ ሳልጠይቃት የስኳር ምርመራ ላድርግልህ አለችኝ። ሁሉንም ቻልኩት፤ ምክንያቱም በእነዚያ አምስት ቀናት እመቤት ሜትር «እሱ» ስትል አልሰማሁም። ጊዜ አልነበራትም። የእኔ ሆድ ትልቅ ነው፤ ሙሉ ሐሳብ ይፈልጋል።

በአራተኛው ቀን ቁልፍ እየተከለች፣ «ነውር ነው እኮ» አለችኝ። «ሰው ፊቴ ይቆማል፤ እኔ ሌላ ሰው ስለካ ነው የኖርኩት። አንተ ሆድ እንዳለህ እንኳ ገና አሁን ነው ያየሁት።»

«ሰፈሩ ሁሉ አይቶታል።»

«እንኳን አየ!» አለችና ሳቀች። ይህ ሳቅ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ግድግዳው ስስ ሆኖ ሳለ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

በልጄ ሰርግ ላይ ሰው ሙሽሮቹን ትቶ ኮቴን አየ ብል ባለቤቴ ትቆጣኛለች፤ ስለዚህ አልልም። ግን አይቷል።

በአንድ ቀን ነጻ ወጣች ብዬ አልዋሻችሁም። በመጀመሪያው ወር «እ…» ብላ ትጀምርና ታቆማለች፤ ዓይኗን ወደ ወረቀቱ ትመልሳለች፤ «ትከሻ አርባ ሦስት!» ትላለች። ሳትጠቅሰው የዋለችበትን ቀን እህቷ እየቆጠረች ከጠርሙሱ ቁልፍ ትመልስላት ጀመር። ሸሚዞች እንደገና አንድ ዓይነት ቁልፍ አገኙ፤ የባንኩ ዘበኛም ከመርፌ ቁልፍ ተገላገለ። በጩኸቱ ያኮረፉ ጥቂት ደንበኞች ነበሩ፤ በኋላ ግን ሰው የራሱን ቁጥር ለመስማት መምጣት ጀመረ። በዓመቱ ጠርሙሱ ባዶ ሆነ፤ ጠመኔ ማስቀመጫ አደረገችው።

ከዚያ እሱ መጣ።

ማክሰኞ ነበር፣ ረፋድ ላይ። በመስኮቴ በኩል አንድ ሰው ሲያልፍ አየሁ፤ ፊቱን አላየሁትም፤ ግራ ትከሻው ግን በአንድ ጣት ዝቅ ብሏል። ብዕሬን ጣልኩ። ክር ልጠይቅ የሚል ምክንያት ይዤ ሱቁ ገባሁ። ጫማ ሰፊው መርፌ ልዋስ የሚል ምክንያት ይዞ ተከተለኝ። ፋርማሲስቷ ያለ ምንም ምክንያት በሩ ላይ ቆመች።

«ደህና ነሽ?» አላት።

ከአፏ መርፌዎቿን አወጣች። «ደህና ነኝ። እንኳን ደህና መጣህ።»

«ቆየን።»

«አዎ፣ ቆየን።»

«ያኔ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ ብዬሽ…» ብሎ ጀመረ። እሷ እንደማንኛውም ደንበኛ በትሕትና ጠበቀችው። ትሕትናው ሳይከብደው አልቀረም፤ የያዘውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ኮት ፈልጌ ነበር። ጨርቁን ይዤ መጥቻለሁ። መቼም መለካት አያስፈልግሽም፤ ልኬን ታውቂዋለሽ።»

የአባባ ካውያ ካውያ አየር ላይ ቀረ። እሷ ወደ ጣሪያው ቀና ብላ የሆነ ነገር እንደምትፈልግ ሰው ዓይኗን ጠበብ አደረገች። ምላሴን በላኝ፤ አርባ ስምንት! መቶ! ሰማንያ ሁለት! ስድሳ ስድስት! የአባባ ካውያ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጫማ ሰፊው «አርባ ስ…» እንዳለ ፋርማሲስቷ ቆነጠጠችው።

«አላስታውሰውም» አለች።

እኔ አራሚ ነኝ፤ የምኖረው ሌላው ሰው ያላየውን ስህተት በማየት ነው። ፊቷን ሁለት ጊዜ መረመርኩት። ቂም ፈለግሁ፤ የለም። ማስመሰል ፈለግሁ፤ የለም። ከእኛ ሁሉ በላይ የተገረመችው ራሷ ነበረች።

«እውነቴን ነው፤ አላስታውሰውም!» አለችና ፊቷ በራ። «ና፣ ቁም።»

ቆመ። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

«ትከሻ፣ አርባ ስምንት!»

«አርባ ስምንት!» አሉ አባባ ካውያ፤ እንደዚያ ቀን ጮኸው አያውቁም።

ከኋላው ዞረችና ቆም አለች። «ግራ ትከሻህ ዝቅ ይላል። ሰው ነግሮህ ያውቃል?»

«አንቺ ነበርሽ የነገርሽኝ።»

«እኔ? እንዴ!» አለችና ጻፈችው። «ወገብ፣ ዘጠና አንድ!»

ዘጠና አንድ! ጫማ ሰፊው አፉን በእጁ ያዘ። ሰማንያ ሁለት የነበረው፣ እኛ ሁላችን ስንሸከመው የኖርነው ያ ቀጭን ሰው፣ ለካ እሱም የለም። ዘጠኝ ሴንቲ ጨምሮ፣ መነጽር አድርጎ፣ ጸጉሩ ሳስቶ እንደኛው ሆኗል።

«መቼ ልምጣ?» አላት።

«ሁለት ሳምንት።»

«ትንሽ ማፋጠን አይቻልም?»

«ትንሽ የሚባል የለኝም» አለችው፣ በጨዋነት። «ሁለት ሳምንት ነው።»

ሲወጣ ጫማ ሰፊው አጨበጨበ። ፋርማሲስቷ አለቀሰች። አባባ ካውያ ካውያቸውን አሳርፈው የቀን ድርሻቸውን ሁሉ በአንዴ ጨረሱ፤ «ጎበዝ ልጄ! ጎበዝ! ጎበዝ! ጎበዝ!»

«ምን ሆናችኋል?» አለችን እመቤት ሜትር። «ሥራ የላችሁም?»

በሁለት ሳምንቱ መጥቶ ኮቱን ወሰደ። ልክክ ብሎለት ነበር። አመስግኖ ሄደ፤ እሷም ቀጣዩን ደንበኛ ጠራች።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። ያ ሰው የቀረው እኔ ዘንድ ነው። ከትላንት በስቲያ የአንድ መጽሐፍ ገጽ እያረምኩ ሳለ ዳሩ ላይ «48፣ 100፣ 82፣ 66» ብዬ ጽፌ አገኘሁት። እሷ ያወረደችውን ሸክም ሰፈሩ ገና ይዞታል። ግድግዳው ማዶ «እሱ ቢሆን ኖሮ» የሚለው ድምፅ ሲቀር፣ እውነት ለመናገር፣ ጆሮዬ ፈልጎታል።

ባለፈው ሳምንት ኮቴን ላሰፋው ወሰድኩላት፤ ከሰርጉ ወዲህ ለእኔም ለሆዴም ጠቦናል።

«መለካት አያስፈልግሽም» አልኳት። «የእኔን ልክ እንኳን አንቺ መንገደኛው ሁሉ ያውቀዋል።»

«አላስታውሰውም። ቁም።»

መጀመሪያ ቅር አለኝ። ያ ሁሉ ዝና፣ ያ ሁሉ ጩኸት፣ ያ ሁሉ የስኳር ምርመራ፣ እንዴት ይረሳል? ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ ስታወርድ ዓይኗን አየሁት። ከራሴ በላይ አላየችም። እኔን ነው የምታየው፤ እኔን ብቻ፣ ዛሬ እንዳለሁ። እኔም ሆዴን ሳልስብ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩላት።